በዚህ ሁሉ ሙቀት መሃል በብርድ የሞቱት ኤሊዎች

ዛሬ የምጽፈው ስለ ደሞዝ አይደለም፣ ስለ መክተብም አይደለም። ስለ ኤሊ ነው። አትሳቁ! ይህን ገጽ ሳነብ ብዙዎቻችን ከልጅና ከሽማግሌ ሌላ ድመት፣ በቀቀን፣ ዓሣ፣ ርግብ እንደምንጠብቅ አይቻለሁ። ኮንትራታችን ላይ አንዱም አልተጻፈም። ሲሞቱ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ግን ታውቁታላችሁ። ኤሊ ያለበት ቤት የምትሠሩ ካላችሁ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቧት። ኤሊ የሌለባችሁም አንብቡ፣ መሃሉ ላይ እኛንም የሚነካ ነገር አለ።

እኔ ያለሁት ኩዌት ነው። ሆሹ ላይ ሁለት ትልልቅ ኤሊዎች አሉ፣ ወንድና ሴት። ሴቷን ብቻዬን ማንሳት አልችልም፣ ሹፌሩና እኔ ሆነን ነው የምናነሳት። ዘራቸው ሱልካታ ይባላል። የማዳም ትልቁ ልጅ አንድ ቀን በስልኩ ካርታ ከፍቶ አሳየኝ። አገራቸው ከሰሃራ በረሃ በታች ያለው ደረቅ መሬት ነው፣ ከሴኔጋል ተነስቶ በሱዳን አድርጎ እስከ ኤርትራና እኛ ድረስ ይመጣል። «ያንቺ አገር ሰዎች ናቸው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም «አዎ፣ ግን እኔ ኮንትራቴ ሲያልቅ እሄዳለሁ» አልኩት።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሴቷ ግንቡ ስር ቆፍራ እንቁላል ጣለች። ልጁ 18 እንቁላል አወጣ። አናታቸው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ነው ያነሳቸው፣ ምክንያቱም የኤሊ እንቁላል እንደ ዶሮ አይገላበጥም፤ በነበረበት ጎን መቀመጥ አለበት። ማሽን ውስጥ አስገባቸውና ከሦስት ወር በላይ ጠበቅን። የሚገርማችሁ፣ እንቁላሉ የተቀመጠበት ሙቀት ወንድና ሴቱን ይወስናል። በረድ ሲል ወንድ፣ ሞቅ ሲል ሴት ይሆናሉ። ይህን ስሰማ ማዳም አራት ወንድ እንደወለደች ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰኔ ላይ 11ዱ ተፈለፈሉ። የትንሽ ሎሚ ያክላሉ። ሆዳቸው ላይ የአስኳሉ ከረጢት ገና ተንጠልጥሎ ነበር፣ እሱን መንካት አይገባም፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ወደ ሆዳቸው ይገባል። እስከዚያ ንጹሕ ርጥብ ሶፍት ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ልጁ በደንብ አድርጎታል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ስር ትልቅ የመስታወት ሳጥን ተቀመጠላቸው። ክዳን የለውም። ወለሉ ላይ ደረቅ የእንጨት ፍርፋሪ፣ በአንዱ ጥግ ቀይ አምፖል። ሻጩ «ይቺ አምፖል ብቻ ትበቃለች፣ ፀሐይ ደግሞ በመስኮቱ ይገባላቸዋል» ብሎ ነው የሸጠለት። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ የሙቀት መለኪያም ጨምሮ ሸጦለታል። ሲያዩት ያምራል። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል።

አሁን ሳሎኑን አስቡት። ውጭ 48 ዲግሪ ነው። ቤት ውስጥ ባባ ኤሲውን 19 ላይ አድርጎ አያስነካም። እኔ በሰኔ ሹራብ ደርቤ ነው ሳሎን የማጸዳው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ ይህን። ኤሲው የሚተነፍስበት ቀዳዳ ደግሞ ልክ ከሳጥኑ በላይ ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ትንሽ ትንሽ በሉ። ከዚያ መብላት ቀነሱ። ጀርጂሩን ቆራርጬ ባስቀምጥላቸው ዞር ብለው አያዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይውላሉ። ማዳም «ሕፃን ናቸው፣ ሕፃን ይተኛል» ትላለች። አንድ ጠዋት አንዷ ሞታ ተገኘች። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው። ያን ጊዜ ጉዳዩ ወደኔ ዞረ። «አላበላሻቸውም፣ ስልክ ላይ ነው የምትውዪው፣ አንዱ 40 ዲናር ያወጣል፣ ሌላ ከሞተ ከደሞዝሽ ነው» አለችኝ። የኔ ደሞዝ 100 ዲናር ነው። ዘጠኝ ቀርተዋል። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ ሄድኩና አንዱን በእጄ ያዝኩት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ልጁ «በጨለማ ነው የሚተኙት» ብሎ ቀዩን አምፖል ማታ ማታ ያጠፋዋል፣ ስለ ጨለማው ልክ ነበር። የማማ ከቢራን የልጅ ልጅ ሳጥበው ውኃውን የምለካባት መለኪያ አለች፣ እሷን አምጥቼ ኤሊዎቹ የተኙበት ወለል ላይ አስቀመጥኳት። 20 ዲግሪ። ጠዋት አምፖሉ በርቶ ደግሜ ለካሁ። ሻጩ የሰጠው ተለጣፊ መለኪያ 31 ይላል። ግን እሱ የተለጠፈው ከላይ፣ አምፖሉ አጠገብ ነው። ታች ኤሊዎቹ ጀርባ ላይ 26፣ በወዲያኛው ጥግ 21። ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ሰዓቱ ከነጭምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። የሆነ ነገር በናንተ ላይ ሲላከክ ፎቶ አንሱ፣ በወረቀት ጻፉ። ጭቅጭቅ አያዋጣም፣ ቋንቋውም አይበቃንም። ቁጥር ግን በዐረብኛም በአማርኛም ያው ነው።

ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ፎቶዎቹን ሳሳየው አልተቆጣም። ቁጭ ብለን አብረን ቪዲዮ አየን፣ እሱ እየተረጎመልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰዎች ሲበርደን ሰውነታችን ከውስጥ ራሱ ይሞቃል፣ የበላነው ምግብ እሳት ይሆናል። ኤሊ ይህ የላትም። ያለችበት ቦታ ሲሞቅ ትሞቃለች፣ ሲበርድ ትበርዳለች። ሲበርዳት ሆዷ አይፈጭም። ብትበላ እንኳ ምግቡ አንጀቷ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ መብላት ታቆማለች፣ ትተኛለች። አልበሉም የተባሉት ኤሊዎች በርዷቸው ነው ያልበሉት። ይህን ለማዳም ያስረዳት ልጁ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ብናገር ሌላ ትርጉም ነበረው የሚሰጠው።

ከዚያ ሁሉንም ቀየርነው። ከኔ ክፍል አጠገብ ኤሲ የሌለው ዕቃ ማስቀመጫ አለ፣ እዚያ አስገባናቸው። የመስታወቱን ሳጥን ትተን ጥልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ተጠቀምን፣ ላዩን አብዛኛውን ሸፈንነው፣ ሙቀቱ እንዳይሸሽ። በአንደኛው ጫፍ ከላይ ወደ ታች የሚያበራ ነጭ የሙቀት አምፖል። ከአምፖሉ ስር ኤሊው ጀርባ ላይ ሲለካ ከ35 እስከ 38 ይሆናል። ወዲያኛው ጫፍ 27 ወይም 28። ሁለት ቦታ የሚያስፈልገው ለምን መሰላችሁ? ሲሞቀው ራሱ ይሄዳል፣ ሲበርደው ራሱ ይመለሳል። ሙሉውን ሳጥን 37 ካደረጋችሁት መሸሻ አጥቶ ይሞታል። ሁልጊዜ የምትለኩት ደግሞ ኤሊው በሚቆምበት ከፍታ ነው፣ ግድግዳ ላይ አይደለም።

ለሌሊት ብርሃን የሌለው ማሞቂያ አለ፣ ከሸክላ የተሠራ፣ እንደ አምፖል ሶኬት ላይ የሚገባ። ይሞቃል እንጂ አያበራም። ቀይ አምፖል ማታ አያስፈልግም፤ ኤሊ ቀዩን ብርሃን ታያለች፣ እንቅልፏን ይረብሻታል። ይህን የሸክላ ማሞቂያ ቴርሞስታት ከሚባለው መቆጣጠሪያ ጋር ነው የምታገናኙት፣ ሙቀቱ ሲወርድ ራሱ ይከፍታል፣ ሲበቃ ራሱ ይዘጋል። እኛ 26 ላይ አድርገነዋል። አደራ፣ ተራ የፕላስቲክ ሶኬት ላይ እንዳታስገቡት፣ ይቀልጣል። የሸክላ ሶኬት ነው የሚፈልገው። መብራቶቹንም በመቆንጠጫ ብቻ አንጠልጥላችሁ አትተዉ፣ በሽቦም እሰሩት። ወድቆ ፍርፋሪ ላይ ቢያርፍ ቤት ያቃጥላል፣ ያኔ ነገሩ የኤሊ ዋጋ አይሆንም። ከስር የሚያሞቁ ድንጋዮችም ይሸጣሉ፣ እነሱን ተዉአቸው፤ ኤሊ ሙቀት ከላይ ከፀሐይ እንደሚመጣ ነው የምታውቀው፣ ሆዷ እየተቃጠለ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

በአራተኛው ቀን መብላት ጀመሩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጀርጂር ሲቆርጡት ድምፁን ስሰማ አለቀስኩ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ነሐሴ ላይ ሳጥባቸው ጀርባቸው አሁንም ለስላሳ መሆኑን አየሁ። ሲወለዱ ትንሽ መለስለሱ ያለ ነው፣ ግን እያደጉ መጠንከር ነበረበት። የሁለቱ እንደውም ስነካው እንደ ቀጭን ፕላስቲክ ይሰረጉዳል። አንዱ የኋላ እግሩን ይጎትታል። ሙቀቱን በቀን ሦስቴ እለካለሁ፣ ልክ ነው። ይበላሉ። ታዲያ ምንድነው?

የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድናቸው፣ እኔ ሳጥኑን ይዤ ከኋላ። ሐኪሙ ግብፃዊ ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። መጀመሪያ የጠየቀው «ፀሐይ ያያሉ?» ብሎ ነው። ልጁም «ሳሎን በነበሩ ጊዜ በመስኮት ይገባላቸው ነበር፣ አሁን አምፖል አላቸው» አለ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዓይን የማያየው ጨረር አለ፣ ዩቪቢ ይሉታል። ይህ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ቫይታሚን ዲ ከሌለ የሚበሉት ካልሲየም ወደ አጥንት አይገባም፣ ቅርፊቱም አጥንት ነው። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያስገባል፣ ያንን ጨረር ግን ያስቀረዋል። የሙቀት አምፖሉም ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀትና ፀሐይ አንድ አይደሉም አለን። የሞቀው ሁሉ ፀሐይ አገኘ ማለት አይደለም።

እዚያ ቆሜ እናቴ ትዝ አለችኝ። ትንሿን እህቴን ጠዋት ጠዋት ቅባት ቀብታ ደጅ ላይ ታቀፋት ነበር፣ ራቁቷን፣ አናቷ ላይ ብቻ ጨርቅ ጣል አድርጋ። ጎረቤቱ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ ጤና ጣቢያም ይመክሩ ነበር። «ፀሐይ ካልጠጣች እግሯ ይጎብጣል» ትላለች እናቴ። ማንም በመስኮት አድርጎ ፀሐይ የሚያሞቅ አላየሁም። ደጅ ነው የሚወጣው።

ሌላም ነገር አሰብኩ። ያ ሰሞን ወገቤንና ጭኔን ይቆረጥመኝ ነበር፣ ደረጃ ስወጣ እግሬ ይከዳኛል። ከሥራ ብዛት ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ወጥ ቤቱ መስኮት አለው፣ ክፍሌ ጠባብ መስኮት አላት፣ ልብስ የማሰጣው ጣራ ያለው በረንዳ ላይ ነው፣ ሱቅ የሚሄደው ሹፌሩ ነው፣ ለቆሻሻ ስወጣ ደግሞ ከአናቴ እስከ እግሬ ተሸፍኜ ነው፣ ለዚያውም ማታ። ቁጭ ብዬ ብቆጥር በዚያ ዓመት ፀሐይ ቆዳዬ ላይ ያረፈበትን ቀን በጣቴ እቆጥረዋለሁ። ይህ ሁሉ ፀሐይ ባለበት አገር! ያቺን ቀን ሐኪሙን በተሰባበረ ዐረብኛ «ሰውም እንደዚህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንዴታ» አለኝ። «የናንተ ቆዳ ጠቆር ስለሚል እንደውም ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል።» ልጁ ይሰማ ነበር። ለእናቱ ነገራት መሰለኝ፣ በሳምንቱ ክሊኒክ ተወስጄ ደም ሰጠሁ። ቫይታሚን ዲ በጣም ዝቅ ብሏል ተባለ፣ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ እንክብል ሰጡኝ። እህቶቼ፣ አጥንታችሁን የሚቆረጥማችሁ ካላችሁ፣ ድካም ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ቤት የመሄድ ዕድል ስታገኙ «ቫይታሚን ዲ» በሉ፣ በዐረብኛም ቃሉ ያው ነው። እንክብሉን ግን ከገበያ ገዝታችሁ በግምት አትዋጡ፣ ሲበዛ ደግሞ ይጎዳል።

ወደ ኤሊዎቹ ልመለስ። ልጁ ዩቪቢ የሚሰጠውን መብራት በ18 ዲናር ገዛ። ረጅም ነው፣ እኛ አገር ኒዮን የምንለውን ይመስላል፣ በላዩ ላይ ብርሃኑን ወደ ታች የሚመልስ ቆርቆሮ አለው። ስለ እሱ የተማርኩትን ልንገራችሁ። በመብራቱና በኤሊው መሃል መስታወትም ፕላስቲክም መኖር የለበትም፣ አለዚያ ልክ እንደ መስኮቱ ነው። በጣም ከራቀ አይደርሳቸውም፣ በጣም ከቀረበ ዓይናቸውን ይጎዳል፤ ርቀቱ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ የኛ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ቀን 12 ሰዓት ይበራል፣ ማታ ይጠፋል፣ እኔ እንዳልረሳ ልጁ ታይመር አድርጎለታል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ መብራቱ እየበራ ጨረሩ ግን ያልቃል። እንደ ዓይነቱ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየራል። ዓይናችን በርቷል ይላል፣ ኤሊው ግን ምንም አያገኝም። የተገዛበትን ቀን በማርከር ቆርቆሮው ላይ ጻፍኩት፣ በኋላ «አሁን በቅርብ ነው የገዛነው» እንዳይባል።

ፍርፋሪውንም ጥለን ርጥብ የኮኮናት ቃጫ አደረግን። ደረቅ ቦታ የሚያድግ የዚህ ዘር ጫጩት ቅርፊቱ እየተቆለለ እንደ ትንንሽ ተራራ ይሆናል። በረሃ አገራቸው እንኳ መሬት ቆፍረው ርጥበት ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚውሉት። ግን ርጥበቱ ከሙቀት ጋር ነው። ርጥብና ቀዝቃዛ ሳምባቸውን ይይዘዋል፣ አፍንጫቸው ይዝረከረካል። በየቀኑ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አገጫቸው ስር እስኪደርስ ለ15 ደቂቃ እነክራቸዋለሁ። ለዚህ የተለየ ሳፋ አለኝ። ማዳም በወጥ ቤቱ ገንዳ እጠቢያቸው ብላኝ ነበር፣ አይሆንም፤ ኤሊ ሰውን በተቅማጥ የሚያስተኛ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ትይዛለች። ቤቱ ውስጥ ሕፃን አለ። ሕፃኑ ቢታመም ማን እንደሚጠየቅ ደግሜ አልነግራችሁም። ከነካችኋቸው በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሐኪሙ ከሁሉ በላይ ያለው ግን እውነተኛ ፀሐይ ነው። መብራቱ ይረዳል፣ ደጁን አይተካም። ስለዚህ ማዳም ፈቀደች፣ በየቀኑ ጠዋት በኛ አቆጣጠር ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ ሆሹ ላይ። በሰሌን የተከለለ ቦታ ሠራን፣ ግማሹ ጥላ፣ የውኃ ሳህን። በመስታወት ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጧቸው፣ በዚህ አገር በደቂቃዎች ውስጥ ተቀቅለው ይሞታሉ። ጥላ የሌለበት ቦታም እንዲሁ። ድመቶችና ቁራዎችም አሉ፣ ስለዚህ ጠባቂ ያስፈልጋል። ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ፊሊፒኗ የሥራ ጓደኛዬ መጀመሪያ ቀናችብኝ፣ አሁን ተራ ገብተናል፣ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ። ክንዴን ገልጬ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ማዳም አንድ ቀን ከመስኮት አይታኝ «ምን ቁጭ አልሽ?» አለች። «ሐኪሙ ያለውን» አልኳት። ለኤሊዎቹ ማለቴ ይሁን ለኔ አልጠየቀችኝም።

አሁን ጥር ነው። ኩዌት ክረምቱ ሲመጣ ሌሊቱ ክፉኛ ይበርዳል፣ ጫጩቶቹን ደጅ አናሳድርም፤ ቀን ፀሐይ ወጥታ አየሩ ካልሞቀ ጭራሽ አላወጣቸውም። ዘጠኙም አሉ። የሰባቱ ቅርፊት እንደ ጥፍር ጠንክሯል። እግሩን ይጎትት የነበረው ይራመዳል፣ ትንሽ ወደ ጎን እያለ። አንደኛዋ ጀርባዋ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል፣ ሐኪሙ እንዲሁ ትኖራለች ብሏል። የኔ ጭን ቁርጥማቱ ለቆኛል፣ ወገቤ ገና ነው። ከደሞዜ ምንም አልተቆረጠም፣ ፎቶዎቹን ግን እስካሁን አላጠፋኋቸውም።

ኤሊ ያለባችሁ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ማታ ሥራ ስጨርስ እመልሳለሁ። እኛ ቤት ትልቋ ሰሞኑን እንደገና ግንቡ ስር መቆፈር ጀምራለች። ልጁ ሁለተኛ ሳጥን አዟል፣ ከነመብራቱ።